ሰውነታችንን እንዴት እናሠልጥን?

(ከጨንቻ አቅራቢያ ባለ አንድ የደጋ ቀበሌ፣ ማንበብና መጻፍ ለተማሩ ገበሬዎችና ሸማኔዎች የተደረገ ንግግር)



 ባለፈው ስለ ውኃ ንጽሕና ተነጋግረን ነበር። የዛሬው ንግግራችን ሰውነትን ስለ ማሠልጠን ነው። ርእሱን አስቀድመን ስንነግራችሁ አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ። አንድ አባት እንዲያውም ብድግ ብለው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እኛ ጧት መቆፈሪያ ካነሣን የምናስቀምጠው ማታ ነው። ዳገት ስንወጣ፣ ቁልቁለት ስንወርድ ነው ዕድሜያችን ያለቀው። ስፖርት ተቀምጦ ለሚውል ሰው ነው እንጂ ለእኛ ምን ያደርግልናል?»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እኛም ስንመጣ መልሱ አልነበረንም። ከዩኒቨርሲቲ ተመድበን የመጣን አራት ተማሪዎች ነን። ያደግነው ከተማ ነው። ስለ ሩጫ የምናውቀው በሬዲዮ ከሰማነውና በቴሌቪዥን ካየነው ብዙም አያልፍም ነበር። ዛሬ የምንነግራችሁን ግማሹን ከመጻሕፍት አገኘነው፤ ግማሹን ከራሳችን ስሕተት ተማርነው። ስሕተቱን እንደብቀው ብንል እንኳ አይደበቅም፤ ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችሁታል።

በመጀመሪያ አባታችን ትክክል የሆኑበትን እንናገር። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ጎልማሳ ሰው ጤናው እንዲጠበቅ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ማለትም 2 ሰዓት ተኩል፣ ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ያለ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። እዚህ ቀበሌ ውስጥ የሚቆፍር ሰው ይህን በአንድ ጧት ይጨርሰዋል። ከተማ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልገው ላብ እናንተ ዘንድ በነጻ ይፈስሳል። ስለዚህ ለጤና ያህል ብቻ ከሆነ፣ ገበሬው ተጨማሪ ሩጫ አያስፈልገውም ቢባል ስሕተት የለበትም።

ነገር ግን መሥራትና መሠልጠን አንድ አይደሉም። ሥራ የሚለካው በተቆፈረው መሬት ነው። መሬቱ እስኪያልቅ ድረስ ወገብ ቢታመምም፣ ጉልበት ቢዝልም ይቆፈራል። ሥልጠና ግን የሚለካው በሰውነት ላይ በሚያመጣው ለውጥ ነው። ሰውነት ዛሬ ያልቻለውን ከአንድ ወር በኋላ እንዲችል ማድረግ ነው ሥልጠና የሚባለው። ለዚህ ደግሞ ልፋት ብቻ አይበቃም። ልኩንም፣ ጊዜውንም፣ እረፍቱንም ማወቅ ይጠይቃል። እኛ ያጠፋነው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የቀበሌው ወጣቶች ለመስቀል በዓል በገበያው ሜዳ ላይ የሩጫ ውድድር ይኑረን አሉ። 14 ሆነው ተመዘገቡ፤ 11 ወንዶችና 3 ሴቶች። ስማቸውን በመዝገቡ ላይ የጻፉት ራሳቸው ናቸው። «አሠልጥኑን» ሲሉን ደስ አለን። ከዚያ በኋላ ሰኞ የለ፣ እሑድ የለ፣ በየቀኑ ጎሕ ሲቀድ እየቀሰቀስን ዳገቱን ማስሮጥ ጀመርን። የደከመውን «በርታ!» እንለዋለን። አሞኛል ያለውን «ሰነፍክ» እንለዋለን። ከሩጫው በኋላ ደግሞ ወደ ማሳቸው ሄደው ሲቆፍሩ ይውላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ፈጠኑ። በሁለተኛው ሳምንት ባሉበት ቆሙ። በሦስተኛው ሳምንት ከሁሉ ይቀድም የነበረው ልጅ መጨረሻ ሆነ። እኛም የሰነፈ መሰለንና ሩጫውን ጨመርንበት።

ከዚያም የባሰውን አመጣን። «ዳገቱ ከከበዳቸው ቁልቁለት ይሩጡ፤ ቁልቁለት እኮ እረፍት ነው» ተባባልን። አንድ ቅዳሜ ከዶርዜ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደውን መንገድ ያዝን። መንገዱን ታውቁታላችሁ። አባያ ቀላ ብሎ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ከታች ይታያሉ። ልጆቹ እየሳቁ፣ እየተሽቀዳደሙ ወረዱ። የቆላው ሙቀት እስኪቀበለን ድረስ አላስቆምናቸውም። የተመለስነው በጭነት መኪና ነው። በማግሥቱ እሑድ ትንሽ ተሳሰሩ። ሰኞ ግን ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ መውረድ አቃታቸው። ጭናቸው እንደ እንጨት ደረቀ። አንዱ ቅልጥሙ አብጦ 3 ሳምንት አነከሰ። ወቅቱ የድንች ኩትኳቶ ነበርና የሁለት ቤት ማሳ ሳይኮተኮት ቀርቶ አረም ዋጠው። ወላጆች መጥተው ተቆጡን። ቁጣቸው ልክ ነበር። እኛ እንደ ጨዋታ ያባከንነው ጉልበት ለእነርሱ የዓመት ቀለብ ነው።

ታዲያ የተሳሳትነው ምን ላይ ነው? ይህን ለመረዳት ሰውነት ሲሠራ በውስጡ ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጡንቻ የተሠራው በጣም ቀጫጭን ከሆኑ፣ በዓይን ከማይታዩ ክሮች ነው። ከለመደው በላይ ስናሠራው ከእነዚህ ክሮች አንዳንዶቹ በጥቂቱ ይጎዳሉ። ስናርፍ፣ ስንበላና ስንተኛ ሰውነት የተጎዳውን ይጠግናል። ሲጠግንም እንደ ነበረው ብቻ አይመልሰውም፤ ለሚመጣው ሥራ እንዲችል ትንሽ አጠንክሮ ነው የሚመልሰው። ልብም እንዲሁ ናት። ለወራት በልክ ስትሠለጥን በአንድ ምት የምትረጨው ደም ይበዛል፤ ስለዚህ በእረፍት ጊዜ ብዙ ጊዜ መምታት አያስፈልጋትም። እንግዲህ ሰው የሚጠነክረው ሲሮጥ ሳይሆን፣ ሮጦ ካረፈ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ሩጫው ሰውነትን ይጠይቃል፤ መልሱ የሚመጣው በእረፍት ነው። እኛ ግን መልሱ ሳይመጣ ሌላ ጥያቄ፣ እርሱም ሳይመለስ ሌላ ጥያቄ እንደራርብ ነበር። ጥገናው ሳያልቅ ጉዳት ሲጨመር ሰውነት ወደ ኋላ ይሄዳል። ያ ልጅ አልሰነፈም። እኛ ነን ያደከምነው።

የቁልቁለቱም ነገር እንደዚሁ ነው። ቁልቁለት ትንፋሽን ያሳርፋል፤ ጭንን ግን ያደቅቃል። ዳገት ስንወጣ የጭናችን ጡንቻ እየተኮማተረ ይገፋናል። ቁልቁለት ስንወርድ ግን ያው ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነታችንን እንደ ፍሬን ይይዛል። እየተለጠጠ የሚይዝ ጡንቻ ይበልጥ ይጎዳል። ሕመሙም ወዲያው አይሰማም፤ የሚብሰው ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ ነው። ልጆቹ ቅዳሜ እየሳቁ ወርደው ሰኞ መራመድ ያቃታቸው ለዚህ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አንብበን ለአንድ ሸማኔ አባት ስንነግራቸው ምንም አልደነቃቸውም። «ድር ከላላ አይሸመንም፤ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ይበጠሳል። ይህንን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሄዳችሁት?» አሉን። ሳቅን እንጂ ምን እንመልሳለን!

እንግዲህ፣ «እነ አበበ ቢቂላ ታዲያ እንዴት አሸነፉ? እነርሱስ ያርፉ ነበር ወይ?» ትሉን ይሆናል። አበበን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በተፈጥሮ የተሰጠው፣ በባዶ እግሩ ብድግ ብሎ ሮጦ ያሸነፈ ሰው አድርጎ ነው። እውነት ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜ 5 ቀን፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ከተማ ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ይህ ርቀት ከአርባ ምንጭ ጨንቻ ድረስ ካለው መንገድ ይበልጣል። የፈጀበትም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነው። ነገር ግን አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ኦኒ ኒስካነን የሚባሉ ስዊድናዊ አሠልጣኝ ሩጫውን በሰዓት እየለኩ አሠልጥነውታል። ብድግ ብሎ የሮጠ አልነበረም። ከ4 ዓመት በኋላም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ እንደገና ወርቅ አገኘ። ያን ጊዜ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። የሮጠው ግን በጫማ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። ሰዓቱም ከፊተኛው የተሻለ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሆነ። ገብቶ እንደ ጨረሰ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም በመገረም ተመለከተው።

በሦስተኛው ደግሞ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ፣ አበበ እግሩ ተጎድቶ ስለ ነበር ሩጫውን አቋርጦ ወጣ። ያን ቀን ያሸነፈው የ36 ዓመቱ ማሞ ወልዴ ነው። እኛ ያንን ቅልጥሙ ያበጠውን ልጅ «አትቁም» ስንለው፣ ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው አበበ እንኳ ሲጎዳ እንደሚቆም አላሰብንም።

የኃይሌ ገብረ ሥላሴንም ታሪክ ሰምታችኋል። አሰላ አጠገብ ያደገው ኃይሌ ልጅ ሳለ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቀው ነበርና እየሮጠ ይሄድ፣ እየሮጠ ይመለስ ነበር። ሲያድግም በሩጫ ላይ አንዱን ክንዱን አጠፍ አድርጎ መያዙ ያኔ ደብተር ይዞ ይሮጥ ከነበረበት የቀረ ልማድ ነው ይባላል። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው ከአንድ ሴኮንድ አንድ አሥረኛ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ነው። ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይበቃም። ወደ ትምህርት ቤት መሮጡ መሠረት ሆነው እንጂ ለዚህ ብቻውን አላበቃውም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዕቅድ ሠልጥኗል። በአገራችን ወደ ትምህርት ቤት የሮጠ ልጅ ስንት ነው? ኃይሌ የሆነው ግን አንድ ነው።

አንድ ነገር ግን በእጃችሁ አለ። ከዚህ ቀበሌ ብዙም የማይርቀው ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡባት የአርሲዋ በቆጂም ከዚህ ብዙ አትበልጥም። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ሰውነት በስስ አየር ውስጥ ሲኖር አየርን ከሳንባ ተቀብሎ ወደ ጡንቻ የሚያደርሰውን ቀይ የደም ሴል ያበዛል። የእኛ ተማሪ ጓደኛችን መጀመሪያ ከቆላ ወደዚህ ሲወጣ አንድ ጀሪካን ይዞ ዳገት መውጣት አቅቶት ሁለት ጊዜ የተቀመጠውን ታስታውሳላችሁ፤ ሕፃናት ሳቁበት። እናንተ በተፈጥሮ ያገኛችሁትን ሌላ አገር ያሉ ሯጮች በአውሮፕላን ተሳፍረው፣ ተራራ ላይ ወራት ተቀምጠው ነው የሚፈልጉት። ይሁን እንጂ ከፍታው ብቻውን ሯጭ አያደርግም። በበቆጂ ሥንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ልጆችን ሰብስበው ለዓመታት አሠልጥነዋል። ከፍታው እዚያም አለ፣ እዚህም አለ። የጎደለን በዕቅድ የሚሠራ ሰው ነው።

አሁን የምንሠራበትን መንገድ እንንገራችሁ። ሁለተኛውን ጊዜ የጀመርነው ከወላጆች ጋር ተመካክረን ነው።

በሳምንት የምንሮጠው 4 ቀን ብቻ ነው። የገበያ ቀን አንሮጥም፤ ሸክም ይዞ ገበያ ደርሶ መመለስ ራሱ ከባድ ሥራ ስለሆነ። ከአራቱ ቀን ሁለቱ የሶምሶማ ቀን ናቸው። ሶምሶማ ስንል ከጎን ካለው ሰው ጋር እየተጫወቱ ለመሮጥ የሚቻልበት አሯሯጥ ነው። ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው፤ ቀንስ። ወጣቶች ይህን መቀበል ከብዷቸው ነበር፤ ቀስ ብሎ መሮጥ የሚያሳፍር ይመስላቸዋል። ትልልቅ ሯጮች ግን አብዛኛውን ኪሎ ሜትር የሚሮጡት እንዲህ በዝግታ ነው። አንዱ ቀን የፍጥነት ቀን ነው፤ ሜዳው ላይ 1 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መሮጥ፣ 2 ደቂቃ መራመድ፣ ይህን 6 ጊዜ መደጋገም። የመጨረሻው ቀን የዳገት ቀን ነው። ዳገቱን እንሮጣለን፤ ስንመለስ ግን እየተራመድን እንወርዳለን። ከባድ ቀን ከከባድ ቀን ጋር አይገናኝም፤ በመካከሉ እረፍት ወይም ሶምሶማ ይገባል። በየሳምንቱ ከምንጨምረውም ከአሥር አንድ አናሳልፍም። በዚህ ሳምንት 20 ኪሎ ሜትር የሮጠ በሚመጣው 22 ይሮጣል እንጂ 30 አይሮጥም።

ሳይሟሟቁ ወደ ፍጥነት መግባት አይገባም፤ በተለይ በእኛ ብርድ። 10 ደቂቃ መራመድና ሶምሶማ ይበቃል። ሲጨርሱም በድንገት ቆሞ መቀመጥ ሳይሆን ጥቂት መራመድ ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። «ፊደል ቆጥረን ምን እናደርግበታለን?» የምትሉን አላችሁ። ከምታደርጉበት አንዱ ይኸው። እያንዳንዱ ሯጭ ደብተር አለው። ጧት ከመኝታው ሳይነሣ ሁለት ጣቱን የእጁ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣቱ በኩል አሳርፎ የልቡን ምት 1 ደቂቃ ይቆጥራል። ሰዓት የሌለው በእጅ ስልኩ ይለካል። ቁጥሩን ይጽፋል። የጤነኛ ጎልማሳ ሰው ልብ በእረፍት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። የሠለጠነ ሯጭ ከ60 በታች ሊወርድ ይችላል። ዋናው ነገር ከሌላ ሰው ጋር ማወዳደር አይደለም፤ ከራስ ጋር ነው። ሁልጊዜ 62 የሚቆጥር ሰው አንድ ቀን ጧት 72 ከቆጠረ ሰውነቱ አላረፈም ወይም ሕመም እየጀመረው ነው፤ ያን ቀን አይሮጥም። አንደኛው ሯጭ ፈቅዶልን ከደብተሩ እናንብብላችሁ። «ሰኞ። 30 ደቂቃ ሶምሶማ። ምት 61። እንቅልፍ ደኅና። ማክሰኞ። ገበያ። አልሮጥኩም። ረቡዕ። ምት 73። ሌሊት ድንች ስጠብቅ አደርኩ። አልሮጥኩም። ሐሙስ። ምት 63። ዳገት 5 ጊዜ። እግሬ ቀሎኛል።» ይህን የጻፈው ያ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ የሆነው ልጅ ነው። ከዓመት በፊት ስሙን በጣት አሻራ ነበር የሚፈርመው።

ስለ እግር ጥቂት እንጨምር። አበበ በባዶ እግሩ አሸነፈ ብሎ ጫማውን የጣለ ልጅ አጋጥሞናል። እዚህ ደጋ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። በዚህ በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የእግር ዝሆኔ የሚባለውን እብጠት ያመጣል። በጋሞ ደጋ ይህ በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሁላችንም እናውቃለን። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከአፈሩ የሚገቡ በጣም ደቃቅ ቅንጣቶች የሚያመጡት ነው። ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ሸራ ጫማም ሆነ ላስቲክ፣ ያለው ይደረግ።

ምግብን በተመለከተ፣ ቆጮ ኃይል ይሰጣል፤ ጡንቻ የሚጠግነው ገንቢ ምግብ ግን በቆጮ ውስጥ ጥቂት ነው። ስለዚህ ባቄላ፣ አተር ወይም ወተት ይጨመርበት። ቆላ ዘመድ ያለው የሽፈራው ቅጠል ያስመጣ። ከሩጫ በኋላ አረቄ የሚጠጣ እንቅልፉንም፣ ጥገናውንም ያበላሻል፤ እዚህ ላይ ስማችሁን የማንጠራ ሁለት ሰዎች አላችሁ። ደግሞ ለሥራ ወደ አርባ ምንጭ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ከያዘው ወባ ሊሆን ይችላል። ላብ ያወጣልኛል ብሎ መሮጥ ከባድ አደጋ አለው። ወዲያውኑ ወደ ጤና ኬላ ይሂድ። ሲሮጥ ደረቱን የሚያመው፣ ወይም ራሱን የሚያዞረው ሰውም እንዲሁ።

ሸማኔዎች ሆይ፣ የእናንተ ነገር ከገበሬው የተለየ ነው። ጉድጓዱ ዳር ተቀምጣችሁ ክንዳችሁ ሲወረውር፣ እግራችሁ ሲረግጥ ይውላል፤ ወገባችሁ ግን እንደ ጎበጠ ይቀራል። ለእናንተ 30 ደቂቃ ዳገት መራመድ ጥቅም አለው። አንድ ክንድ ያህል በሸመናችሁ ቁጥር ተነሡ፤ ወደ ኋላ ተለጠጡ፤ 10 ጊዜ ቁጢጥ ብላችሁ ተነሡ። ማታ በሆዳችሁ ተኝታችሁ ደረታችሁን ከመሬት ቀና ማድረግ የወገብን ጡንቻ ያጠነክራል። አንድ አባት ይህን 2 ወር ሠርተው፣ «ወገቤን የረሳሁት እስኪመስለኝ ድረስ ተሻለኝ» ብለውናል። እግራቸው የማይታዘዝላቸውም ቢሆኑ አይቅርባቸው። አበበ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ መራመድ ካቃተው በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል።

የመጨረሻው ጉዳይ የእናቶችና የልጃገረዶች ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ሁላችሁም እንድትመጡ የለመንነው።

እንጨት ተሸክማችሁ ዳገቱን የምትወጡ እናቶች፣ ለእናንተ ሩጡ አንልም። ብንል እናፍራለን። ለእናንተ የጎደለው ልፋት ሳይሆን እረፍት ነው። ከተመዘገቡት 3 ልጃገረዶች መካከል አንዷ ገና ሳትሠለጥን ከወንዶቹ ሦስተኛ ሆና ገባች። ሁሉም ተደነቁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ውኃ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ኖራለች። ነገር ግን አሠልጥነናት አልፈጠነችም። ደብተሯን ስናይ የልቧ ምት በጧት ሁልጊዜ ከፍ ያለ ነው። እረፍት ብለን በጻፍንላት ቀን እርሷ የጻፈችው፣ «ውኃ 3 ጊዜ። እንጨት። ወፍጮ።» የሚል ነው። ወንዶቹ ሩጫ በሌለበት ቀን ያርፋሉ። ለእርሷ ሩጫ የሌለበት ቀን የለም። ለወንዶቹ የሠራ ዕቅድ ለእርሷ አልሠራም፤ የእርሷ ሥልጠና መጀመር ያለበት ከጀርባዋ ላይ ሸክም በማውረድ ነው።

እናቷን ብናነጋግር፣ «ልጄ ብትሮጥ ደስ ይለኛል። ውኃውን ግን ማን ይቀዳል?» አሉን። የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ቤት ያለ ውኃ አያድርም። ደራርቱ ቱሉም በቆጂ ከብት ስትጠብቅ ያደገች የገበሬ ልጅ ናት። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ልጅ ከወለደች በኋላም ተመልሳ በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ደገመችው። የእርሷንም ድርሻ አንድ ሰው ባይሸከምላት ኖሮ ከብቶቹን ትታ የምትሮጥበት ጊዜ አይገኝም ነበር።

አባቷን አነጋግረናቸዋል። ነገሩን በሁላችሁ ፊት እንድናነሣው ፈቅደውልናል፤ ውሳኔው ግን የቤተ ሰቡ እንደሆነ ነግረውናል፤ ትክክል ነው። የጠየቅናቸው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ውኃውን ወንድሟ ይቅዳ። ወንድሟ 17 ዓመቱ ነው፤ ከሯጮቹም አንዱ ነው። ጀሪካን ይዞ ምንጭ ሲወርድ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ፈርቶ እንደሆነ ብቻውን ጠይቀነው ነበር። አልመለሰልንም።

አባቷ ዛሬ እዚህ አሉ። እናቷም አሉ። ወንድሟ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ንግግራችንን እዚህ ላይ አቁመን ለእነርሱ ዕድሉን እንስጥ።